ከብዙ አማራጮች የተሻለውን መምረጥ፤ ሰንጠረዥና ቼዝ ስለ አስተሳሰብ የሚሰጡት ትምህርት

መግቢያ

አንድ መምህር በክፍል ውስጥ ጥያቄ ሲያቀርብ በአብዛኛው የሚቀበለው መልስ በተማሪው አእምሮ ውስጥ በመጀመሪያ ብልጭ ያለውን ነው። ተማሪው እጁን ያወጣል፤ መልሱን ይናገራል፤ ትክክል ከሆነ ይመሰገናል፤ ስሕተት ከሆነ ጥያቄው ወደ ሌላ ተማሪ ይተላለፋል። በዚህ አሠራር ውስጥ አንድ ዐቢይ ነገር ይጎድላል። ይኸውም ተማሪው ካገኘው መልስ ሌላ መልስ ሊኖር ይችል እንደሆነ የመመርመር፣ ሁለቱን የማመዛዘንና የመረጠበትን ምክንያት የመግለጽ ልምድ ነው። ይህ ልምድ የሌለው ተማሪ የቃል ጥያቄ ሊመልስ ይችላል፤ ነገር ግን በኋለኛው ኑሮው ከሁለት መንገዶች አንዱን መያዝ ሲኖርበት የተማረው ትምህርት እምብዛም አይረዳውም።

ስለ ምርጫ ለረጅም ዘመን ከተጠኑት የሰው ልጅ ተግባራት አንዱ የቼዝ ጨዋታ ነው። በቼዝ ውድድር ላይ የተቀመጠ ሰው በእያንዳንዱ ተራው አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀርብለታል፤ «ካሉት እንቅስቃሴዎች ሁሉ የሚሻለው የቱ ነው?» የሚል። የመረጠውን ከፈጸመ በኋላ መመለስ አይችልም፤ ሰዓቱም ይቆጥርበታል። ይህ ጽሑፍ ጥሩ ተጫዋች ይህን ጥያቄ የሚመልስበትን መንገድ ለማብራራትና መምህራንም ሆኑ የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ከዚያ ሊወስዱት የሚችሉትን ቁም ነገር ለማመልከት የተዘጋጀ ነው። የተሰጡት ምሳሌዎች በደብረ ሲናና በመሰል የወረዳ ከተሞች በሚገኙ ትምህርት ቤቶች፣ በቀላሉ በሚገኝ ቁሳቁስ ሊሠራባቸው እንዲችል ሆነው የተመረጡ ናቸው።

1. ሰንጠረዥ በሀገራችን

ቼዝ ለኢትዮጵያ እንግዳ ጨዋታ አይደለም። ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስና በዐረብ አገሮች በኩል የተሠራጨው ጥንታዊ ጨዋታ ወደ እኛም ደርሶ «ሰንጠረዥ» በሚል ስም በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ዘንድ ለብዙ ዘመን ሲዘወተር ኖሯል። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዐፄ ልብነ ድንግል በቤተ መንግሥታቸው ከነበረ አንድ የቬኒስ ሰዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተመዝግቧል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የትግሬው ራስ ወልደ ሥላሴ ጨዋታውን እጅግ ይወዱ እንደነበር እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ጽፏል። በሰሜን ሸዋ አንኮበርን መናገሻቸው አድርገው ከ1813 እስከ 1847 እ.ኤ.አ. የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ፣ በኋላም እቴጌ ጣይቱ ከሰንጠረዥ ተጫዋቾች መካከል ይቆጠራሉ። ስለ ጨዋታው ሕግ ኤች. ጄ. አር. መሪ በ1913 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የቼዝ ታሪክ፣ ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ሰፊ መግለጫ ሰጥተዋል። ከጣሊያን ወረራ ዘመን ወዲህ ግን ሰንጠረዥ እየተዳከመ ሄዶ ቦታውን ለዘመናዊው ቼዝ ለቅቋል።

የሰንጠረዥ ገበታ 64 ቤቶች ነበሩት፤ ቤቶቹ ግን ጥቁርና ነጭ ሆነው አይፈራረቁም ነበር። ብዙ ጊዜ ገበታው መሥመር የተሰፋበት ቀይ ጨርቅ ነበር። ጠጠሮቹም ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ ይባሉ ነበር። ፈርዝ በዛሬው ቼዝ በንግሥቲቱ ቦታ የሚቆም ቢሆንም ኀይሉ ደካማ ነው፤ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። ፊል በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል። ስለዚህ አንድ ፊል ከ64ቱ ቤቶች ሊደርስ የሚችለው በ8ቱ ላይ ብቻ ነው፤ የሁለቱ ወገን አራት ፊሎችም እርስ በርሳቸው ሊበላሉ ከቶ አይችሉም።

ሰንጠረዥን ከሌሎች አገሮች ጨዋታ የሚለየው ዋና ነገር ግን «ወረራ» የተባለው መክፈቻ ነው። በወረራ ጊዜ ተራ መጠበቅ የለም። ሁለቱ ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ ጠጠሮቻቸውን እንደ ወደዱ ያሰልፋሉ፤ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለውጣል፤ የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃና ጨዋታው በተራ ይሆናል። በአጨራረስም በኩል ደንብ ነበረው። በደር ወይም በፈረስ ከመርታት ይልቅ በደካሞቹ ጠጠሮች መርታት ይበልጥ ያስመሰግን ነበር። እንግዲህ በሰንጠረዥ «የተሻለ እንቅስቃሴ» ሲባል የሚያሸንፈው ብቻ ሳይሆን በአነስተኛ ኀይል በብልኀት የሚያሸንፈው ማለት ነበር።

ለመምህራን ልዩ ትርጉም ያለው ሌላም ባሕርይ አለ። በዛሬው የቼዝ ውድድር ተጫዋቹ በዝምታ ያስባል፤ ተመልካችም ቃል እንዲተነፍስ አይፈቀድለትም። በሰንጠረዥ ግን በዙሪያው የተሰበሰበው ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይመክር፣ ይነቅፍ፣ ያደንቅ ነበር። አማራጮች በአደባባይ ይነገሩና ይመዘኑ ነበር ማለት ነው። ወደዚህ ነጥብ ከዚህ በታች እንመለስበታለን።

2. የአማራጮች ብዛት

በዘመናዊው ቼዝ መጀመሪያ የሚጫወተው ወገን 20 የተፈቀዱ እንቅስቃሴዎች አሉት። ተቃራኒውም እንዲሁ 20 ስላለው ሁለቱ አንድ አንድ ጊዜ ከተጫወቱ በኋላ 400 ልዩ ልዩ አቋሞች ሊፈጠሩ ይችላሉ። በጨዋታው መካከል በአንድ ተራ ወደ 30 የሚጠጉ አማራጮች ይኖራሉ። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ክሎድ ሻነን በ1950 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት በዚህ ስሌት ሊካሄዱ የሚችሉት ጨዋታዎች ብዛት 1 ቁጥርን 120 ዜሮዎች ሲከተሉት ከሚገኘው ቁጥር ጋር የሚቀራረብ መሆኑን አመልክቷል።

ከዚህ የምንረዳው ሁሉንም አማራጭ አንድ በአንድ መርምሮ መጨረስ ለሰው የማይቻል መሆኑን ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. የዓለም ሻምፒዮኑን ጋሪ ካስፓሮቭን 3.5 ለ 2.5 የረታው ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒዩተር በሴኮንድ 200 ሚሊዮን ያህል አቋሞች ይመረምር ነበር። ሰው በዚያ መንገድ ሊወዳደር አይችልም። ሆኖም ካስፓሮቭ ከእንዲህ ያለ መሣሪያ ጋር ስድስት ጨዋታ ተጫውቶ አንዱን ማሸነፍና ሦስቱን በእኩል መለያየት መቻሉ የሰው አእምሮ የተለየ ዘዴ እንዳለው ያሳያል። ትምህርትን የሚመለከተውም ይህ ዘዴ ነው።

3. ጥሩ ተጫዋች እንዴት ያስባል?

ሆላንዳዊው የሥነ ልቡና ሊቅ አድሪያን ደ ግሮት በ1946 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ጥናት ለታላላቅና ለመካከለኛ ተጫዋቾች አንድን አቋም እያሳየ፣ የሚያስቡትን ሁሉ ድምፃቸውን አሰምተው እንዲናገሩ አደረገ። ታላላቆቹ ከሌሎቹ እጅግ ርቀው፣ እጅግ ብዙ አማራጭ ቆጥረው የሚያስቡ መስሎ ይገመት ነበር። ጥናቱ ያሳየው ግን ሌላ ነው። በቆጠሩት ብዛትና ርቀት ልዩነቱ የተገመተውን ያህል አልነበረም፤ ታላላቆቹ የሚለዩት ገና ከመነሻው ሊመረመሩ የሚገባቸውን ጥቂት እንቅስቃሴዎች በመለየታቸው ነበር።

ይህ ችሎታ ከምን እንደሚመጣ ዊሊያም ቼዝና ኸርበርት ሳይመን በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይበልጥ ግልጽ ሆነ። ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደ አቋም ለጥቂት ሴኮንዶች ብቻ ሲታይ፣ ታላቁ ተጫዋች አብዛኞቹን ጠጠሮች በየቦታቸው መልሶ ሊያስቀምጥ ይችላል፤ ጀማሪው ግን ጥቂቶቹን ብቻ ያስታውሳል። ጠጠሮቹ ያለ ሥርዐት ተበትነው ሲታዩ ግን የታላቁ ብልጫ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ስለዚህ ምስጢሩ በተፈጥሮ የተገኘ ልዩ የማስታወስ ኀይል ሳይሆን፣ በብዙ ልምምድ የተከማቸ የአቋሞች ዕውቀት ነው። ለመምህራን የሚሰጠው ትርጉም ግልጽ ነው። የማሰብ ችሎታ ከዕውቀት ተለይቶ ለብቻው የሚሰጥ ትምህርት አይደለም፤ ስለሚያስብበት ነገር የሚያውቀው የሌለው ተማሪ የሚመርጠውም የለውም።

ደ ግሮት የተጫዋቾቹን አስተሳሰብ በአራት ደረጃዎች ከፍሎታል። እነዚህንም ለክፍል አገልግሎት እንዲመቹ አድርገን እንደሚከተለው ልናስቀምጣቸው እንችላለን።

ሀ. ማስተዋል፤ ከመምረጥ በፊት «እዚህ ላይ ያለው ነገር ምንድን ነው? ችግሩስ የት ላይ ነው?» ብሎ መመልከት።

ለ. መዘርዘር፤ ሊሆኑ የሚችሉ ሁለት ወይም ሦስት አማራጮችን መለየት።

ሐ. መመርመር፤ እያንዳንዱን አማራጭ ይዞ «ይህን ባደርግ ከዚያ በኋላ ምን ይከተላል?» እያሉ መከታተል።

መ. ማረጋገጥ፤ የተመረጠውን ከመፈጸም በፊት ደካማ ጎኑን ፈልጎ መፈተን።

ከታርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ የጭነት መኪና ሾፌር ማርሽ የሚቀንሰው ቁልቁለቱ መኪናውን ከወሰደው በኋላ አይደለም፤ ገና ከላይ ሳለ ነው። የአራቱ ደረጃዎች ጥቅምም ይኸው ነው። የሚታሰበው ሁሉ ከመነሻው ላይ፣ መመለስ ገና በሚቻልበት ጊዜ ይታሰባል። በቼዝ ውድድር ሊጫወቱበት አስበው የነኩትን ጠጠር ማንቀሳቀስ ግዴታ መሆኑም ለዚሁ ልማድ ያሠለጥናል።

4. አንድ ምሳሌ

አራቱን ደረጃዎች በተግባር ለማየት ሦስት ጠጠሮች ብቻ የቀሩበትን አቋም እንውሰድ። ዓምዶቹን በነጭ ተጫዋች በኩል ሆነን ከግራ ወደ ቀኝ ከ1 እስከ 8፣ ረድፎቹንም ከነጩ ወገን ጀምረን ከ1 እስከ 8 እንቁጠር። የነጩ ንጉሥ በ4ኛው ዓምድ 3ኛ ረድፍ፣ ወታደሩ በ5ኛው ዓምድ 2ኛ ረድፍ፣ የጥቁሩ ንጉሥ ደግሞ በ5ኛው ዓምድ 5ኛ ረድፍ ላይ ቆመዋል። ተራው የነጩ ነው። ወታደሩ 8ኛው ረድፍ ከደረሰ ንግሥት ሆኖ ጨዋታውን ያሸንፋል።

ነጩ ያሉት የተፈቀዱ እንቅስቃሴዎች 7 ብቻ ናቸው፤ 5ቱ የንጉሡ፣ 2ቱ የወታደሩ። ብዙ ጀማሪዎች ግባቸው ወታደሩን ማድረስ መሆኑን ስለሚያውቁ ወዲያው ወታደሩን ሁለት ቤት ወደፊት ይሰዱታል። ይህ ግን ድሉን ያስቀራል። የጥቁሩ ንጉሥ አንድ ቤት ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤ ከዚያ በኋላ የነጩ ንጉሥ ወደፊት በመጣ ቁጥር ፊት ለፊቱ እየቆመ መንገድ ይከለክለዋል። በመጨረሻም ወታደሩ ከግቡ አንድ ቤት ሲቀረው ጥቁሩ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ያጣል፤ ነገር ግን ንጉሡ በጥቃት ላይ ስላልሆነ ጨዋታው በእኩል ያልቃል።

ትክክለኛው እንቅስቃሴ ንጉሡን ወደ 5ኛው ዓምድ 3ኛ ረድፍ ማምጣት ነው። ይህ ለጀማሪ ዐይን እንግዳ ነገር ነው። ንጉሡ በገዛ ወታደሩ ፊት ቆሞ መንገዱን የዘጋበት ይመስላልና። ነገሩን ስንመረምር ግን ሁለቱ ነገሥታት በመካከላቸው አንድ ባዶ ቤት አድርገው ፊት ለፊት ተፋጥጠዋል፤ ተራውም የጥቁሩ ነው። ጥቁሩ ወደ ጎን ቢሄድ የነጩ ንጉሥ በሌላው ጎን ያልፋል፤ ወደ ኋላ ቢያፈገፍግ ነጩ አንድ ረድፍ ይከተለዋል። እንዲህ እያለ ንጉሡ መንገዱን ከጠረገ በኋላ ወታደሩ ያለ ችግር ያልፋል። ከ7ቱ እንቅስቃሴዎች የሚያሸንፈው ይህ አንዱ ብቻ ነው፤ የቀሩት 6ቱ፣ ጥቁሩ በትክክል ከተጫወተ፣ በእኩል ያልቃሉ።

የዚህ ምሳሌ ፍሬ ነገር «ግቡ ወታደሩን ማድረስ ነው» የሚለው ዕውቀት ትክክል ሆኖ ሳለ፣ ከእርሱ በቀጥታ የተወሰደው እርምጃ ግን ስሕተት መሆኑ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው ወታደሩ በቸኮለ ጊዜ ይቀራል፤ በቆየ ጊዜ ይደርሳል። ይህን የሚገልጠው የሐ ደረጃ ጥያቄ ነው፤ «ከዚያ በኋላ ምን ይከተላል?»

5. ጥሩ ሐሳብ የተሻለውን ሲጋርድ

የሚከለክለን ሁልጊዜ ስሕተት ሐሳብ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ትክክለኛ ሐሳብም ይከለክላል። ቢላሊች፣ ማክሊዮድና ጎቤ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2008 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ለጥሩ ተጫዋቾች ሁለት መፍትሔ ያለው አቋም ሰጡ። አንደኛው መፍትሔ በሰፊው የታወቀና በ5 እንቅስቃሴ የሚያሸንፍ ነው፤ ሁለተኛው እምብዛም ያልተለመደ ቢሆንም በ3 እንቅስቃሴ ያሸንፋል። ብዙዎቹ የታወቀውን ካገኙ በኋላ አጭሩን ማየት ተሳናቸው። ተጫዋቾቹ ሌላ መፍትሔ በመፈለግ ላይ መሆናቸውን ሲናገሩ፣ የዐይናቸው እንቅስቃሴ በመሣሪያ ሲለካ ግን ዐይናቸው በመጀመሪያው መፍትሔ ቤቶች ላይ ይመላለስ ነበር።

ይህ በሒሳብ ክፍል በየዕለቱ የሚታይ ነው። 25 በ16 ይባዛ ቢባል ተማሪው የተማረውን የቁም ማባዛት ይጀምራል፤ መልሱም 400 ይሆናል። 16 የ4 በ4 ብዜት መሆኑን ያስተዋለ ግን 25 በ4 100፣ 100 በ4 400 ብሎ በቃሉ ይጨርሳል። የመጀመሪያው ተማሪ አልተሳሳተም። ሆኖም «ተማሪው መልሱን አግኝቷል» ብሎ የሚያልፍ መምህር ሁለተኛው መንገድ እንዳይታይ አድርጓል። ለዚህ መድኀኒቱ «ሌላ ነገር አስቡ» ብሎ ማዘዝ ብቻ አይደለም፤ ተጫዋቾቹም እያሰቡ ነበርና። የሚረዳው የተገኘውን መልስ ጽፎ ወደ ጎን አስቀምጦ፣ ጥያቄውን ከሌላ ቦታ ተነሥቶ እንደ አዲስ መጀመር ነው።

6. በክፍል ውስጥ እንዴት ሊሠራበት ይችላል?

የቼዝ ዕቃ መግዛት የማይችል ትምህርት ቤት ገበታውን በካርቶን ላይ በማስመሪያ ሊያዘጋጅ፣ ጠጠሮቹንም ከለስላሳ መጠጥ ቆርኪ ሊሠራ ይችላል። ለአንድ ገበታ 32 ቆርኪ ይበቃል። 60 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል በአንድ ገበታ ዙሪያ አራት አራት ሆነው ቢቀመጡ 15 ገበታና 480 ቆርኪ ያስፈልጋል። አራት የሚሆኑበት ምክንያት የቦታ ጥበት ብቻ አይደለም። ሁለት ሁለቱ በአንድ ወገን ሆነው፣ ከማንቀሳቀሳቸው በፊት አማራጮቻቸውን ድምፅ አውጥተው እንዲመካከሩ ነው። በዚህም የሰንጠረዥ ምክር ወደ ክፍል ይመለሳል፤ መምህሩም ተማሪው የት ላይ እንደሳተ በጆሮው ይሰማል። ዝም ብሎ ከሚያስብ ተማሪ የሚታየው ውጤቱ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ቼዝ ባይኖርም አራቱ ደረጃዎች በማንኛውም የትምህርት ዐይነት ሊሠራባቸው ይችላል። ለምሳሌ በደብረ ሲና አካባቢ ላሉ ተማሪዎች በተዳፋት ላይ ያለ ማሳ አፈሩ በክረምት ጎርፍ እንዳይታጠብ ምን ማድረግ እንደሚሻል ይጠየቁ። አንዱ ቡድን እርከን ይላል፤ ሁለተኛው ጎርፉን የሚቀለብስ ቦይ፤ ሦስተኛው ዛፍ መትከል። መምህሩ የትኛውንም ሳያጸድቅ «ከዚያ በኋላስ?» ብሎ ይጠይቅ። ቦዩ ውሃውን ከማሳው ካወጣው ውሃው ወዴት ይሄዳል? በጎረቤት ማሳ ላይ ከሆነስ? ዛፉ እስኪያድግ ባሉት ክረምቶች አፈሩን ማን ይይዘዋል? እርከኑን ለመሥራት ስንት ሰው ይበቃል? በቼዝ የተቃራኒው ምላሽ የሚታሰበውን ያህል እዚህም የውሃው፣ የጎረቤቱና የጊዜው ምላሽ ይታሰባል።

7. ለዕቅድ አውጪዎች

ቼዝ በትምህርት ቤቶች እንዲስፋፋ በሚቀርቡ ሐሳቦች ውስጥ ጨዋታው የሒሳብና የንባብ ውጤትን ከፍ ያደርጋል የሚል ተስፋ ብዙ ጊዜ ይሰጣል። አርሜኒያ በ2011 እ.ኤ.አ. ቼዝን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስገዳጅ ትምህርት አድርጋለች። ነገር ግን ማስረጃውን በጥንቃቄ ማየት ይገባል። በእንግሊዝ አገር 100 ያህል ትምህርት ቤቶች የተካተቱበትና ውጤቱ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ሰፊ ሙከራ፣ ቼዝ የተማሩት ልጆች ትምህርቱ ከተጠናቀቀ ከአንድ ዓመት በኋላ በሒሳብ ፈተና ከሌሎቹ የተለየ ብልጫ እንዳላሳዩ አረጋግጧል። በዚያው ዓመት ሳላና ጎቤ የቀድሞ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩም የተገኘው ጥቅም መጠነኛ መሆኑን፣ ብዙዎቹ ጥናቶችም በአሠራራቸው ደካሞች መሆናቸውን አመልክተዋል።

ይህ ከላይ በ3ኛው ክፍል ከተጠቀሰው ጋር የሚስማማ ነው። የቼዝ ተጫዋች ችሎታ የተመሠረተው በቼዝ አቋሞች ዕውቀት ላይ ስለሆነ በራሱ ጊዜ ወደ ሒሳብ አይሻገርም፤ የሚያሻግረው መምህሩ ነው። ስለሆነም የሚከተሉት ሦስት ሐሳቦች ለውይይት ቀርበዋል።

አንደኛ፣ ቼዝ በትርፍ ጊዜ ክበብ ይደራጅ። ልጆችን ማስደሰቱ፣ በትዕግሥት መቀመጥን ማለማመዱና የአገር ቅርስ ከሆነው ሰንጠረዥ ጋር ማስተዋወቁ በቂ ምክንያት ነው። የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ግን ለዚህ ሲባል መቀነስ የለበትም።

ሁለተኛ፣ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች የማስተማር ዘዴ ኮርስ ውስጥ ዕጩ መምህራን አማራጮችን አስዘርዝሮ የመጠየቅን ዘዴ በየትምህርት ዐይነታቸው እንዲለማመዱ ይደረግ።

ሦስተኛ፣ በክፍል ፈተናዎች ውስጥ ቢያንስ አንድ ጥያቄ ተማሪው ሁለት መንገዶችን አቅርቦ የመረጠበትን ምክንያት እንዲጽፍ የሚጠይቅ ይሁን፤ ነጥቡም ለምክንያቱ ይሰጥ። ተማሪዎች የሚፈተኑበትን ያጠናሉና፣ ፈተናው የማይጠይቀው አስተሳሰብ በክፍል ውስጥ ሥር አይሰድም።

መደምደሚያ

የተሻለውን እንቅስቃሴ ማግኘት የጥቂት ልዩ ሰዎች ስጦታ ሆኖ ሲታይ ቆይቷል። ከላይ እንደተገለጸው ግን መሠረቱ ሁለት ነው፤ ስለ ጉዳዩ የተከማቸ ዕውቀትና እርምጃ ከመውሰድ በፊት አማራጭን የመመርመር ልማድ። የመጀመሪያውን ትምህርት ቤቶቻችን በመጻሕፍትና በማብራሪያ ለመስጠት ይጥራሉ። ሁለተኛውን ለመስጠት የሚያስፈልገው ግን ከሁሉ በፊት የመምህሩ ትዕግሥት ነው። ትክክለኛ መልስ ከተሰማ በኋላ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ከመሄድ ይልቅ «ሌላስ መንገድ አለ? የትኛው ይሻላል? ለምን?» ብሎ መጠየቅ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ይወስዳል። ከአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ላይ እነዚህ ደቂቃዎች ቢቀነሱ የሚጎድለው ትንሽ ነው፤ ተማሪው ነገ በገዛ ማሳው፣ በገዛ ሥራውና በገዛ ቤቱ ውሳኔ ሲሰጥ የሚያገኘው ግን ብዙ ነው።